ገጽ ዘጠኝ ላይ ያለችው ሴት

ኪዊኖ፣ ሚሺጋን
ኦክቶበር 3 ቀን 2018

ጥንዶች፦ አይሊ እና ሬይኖ። የተጋቡ፣ ከተጋቡም የቆዩ።
ማስጠንቀቂያ፦ የለም።

ይድረስ ለካይሳ ልጄ፣

ይህ ወረቀት ሐይቁን ተሻግሮ እጅሽ ሲገባ ጤናም ሥራም እንቅልፍም ሳይጎድልሽ ያግኝሽ። እኛ አለን። የመጀመሪያው በረዶ ማክሰኞ ብቅ ብሎ ተመልሶ ሄዷል፣ ቤት ሊያይ እንደመጣ ተከራይ። ሬይኖ ድርብ መስኮቶቹን ገጥሟል። አንዱን ገልብጦ ነው የገጠመው። ተወው አልኩት፤ ብርሃን እንደሆነ በየትም ይገባል።

ምዕራፍ አራትን ልኬልሻለሁ፤ ድረ ገጹ በየታሪኩ ራስጌ የሚጠይቀውን ጥንዶችና ማስጠንቀቂያም እንደ ልማዳችን ደብዳቤው ላይ ሞልቻለሁ። ታይፕ አድርገሽ ድረ ገጹ ላይ ከመለጠፍሽ በፊት እንደ ወትሮው በአረንጓዴ እስክሪብቶሽ አርሚልኝ። «ዘጠነኛው ጣቢያ» በቴሌቪዥን ይታይ በነበረበት ዘመን፣ በየከተማው ያለን ሴቶች ስለ አዛዡ ስለ ብራንና ስለ ኢዛት ከራሳችን የጻፍነውን እያባዛን በፖስታ ስንላላክ፣ አንድ ሕግ ነበረን። ሰውየው ራሱን ያልመሰለበት ቦታ ላይ፣ ኅዳጉ ላይ «ይህ ብራን አይደለም» ብለሽ ትጽፊያለሽ። ይቅርታ የለ፣ ማለዘብ የለ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ።

ለምን ሁልጊዜ ጎጆ የወጡ ጥንዶችን ብቻ እንደምጽፍ ጠይቀሽኛል። አንቺ የምትወጂውን ዳር ዳር የሚል ፍቅር አንብቤዋለሁ፣ ልጄ። አርባ ምዕራፍ! በአሥራ ሁለተኛው እጃቸው ይነካካል፣ በሃያኛው ይኳረፋሉ፣ በሠላሳኛው ዝናብ ይይዛቸዋል። ድራማው ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያጓጓኝ ኖሮ እጅ ለእጅ እንኳ ሳያገናኛቸው ተቋረጠ፤ የመጠበቅ ድርሻዬን ያኔ ጨርሻለሁ። እኔ የምፈልጋቸው ከተጋቡ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኗቸው፣ ሳህን የሚያጥበው ማነው ተባብለው ሲነታረኩ ነው። የማንም ልብ አይመታም። በሩ ሲከፈት ማን ገባ ብሎ ቀና የሚል የለም። ይታወቃላ።

እኔና ሬይኖም ዳር ዳር አላልንም። ሴፕቴምበር ላይ ጭፈራ ቤት ተገናኘን፣ የአጋዘን አደን ሳይከፈት ተጋባን። አርባ አራት ዓመት። መጀመሪያ የሚባል ነገር ትዝ አይለኝም።

አክስትሽ አይሊ


ተንደር ቤይ፣ ካናዳ
ኦክቶበር 19

ጥንዶች፦ ካይሳ እና የምትሠራበት የጥርስ ሐኪም ቤት ስልክ።
ማስጠንቀቂያ፦ ነቀፌታ አለበት።

ለተከበሩ አክስት አይሊ፣

ጤናዎ እንደ ሳውናዎ የሞቀ ይሁን፤ አጎት ሬይኖም ከነቀልዳቸው ይክረሙ። በዘመዳችን በሄልሚ ቀብር ላይ ሳንድዊች ይዘን ቆመን ሳለ፣ ሁለታችንም ለብራንና ለኢዛት ያበድን መሆናችን ባይታወቅ ኖሮ፣ አያቴ የአክስት ልጅ እንዳላቸው እንኳ ሳላውቅ እቀር ነበር። ይህን በየደብዳቤው እላለሁ። ገና እላለሁ።

ምዕራፍ ሦስት ተለጥፏል። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ልብ ሰጥቶታል። ብራን ቦት ጫማውን ምድጃ ውስጥ አስቀምጦ ኢዛት የምትስቅበት ቦታ ላይ፣ አንዷ ከሥር «እንዲህ ያለ ትዳር ለሁላችን» ብላለች። አሥራ አንድ ሰው አሜን ብሏል።

አሁን ነቀፌታው። ምዕራፍ አራት ላይ ብራን የስንተኛው ጣቢያ አዛዥ እንደሆነ ይጠይቃል። አክስቴ! ቁጥሩ የድራማው ርዕስ ላይ አለ እኮ! ልጅ ሆኜ ያየሁት ሰው ዓይኑን ታስሮ እንኳ የጣቢያውን ብሎን ይቆጥር ነበር። ኢዛት ደግሞ አሳዘነችኝ። «መቀመጥ እችላለሁ?» ትላለች። «አመሰግናለሁ፣ በጣም ደግ ነዎት» ትላለች። ይህን የምትለው አሥራ ሁለት ዓመት አብራው ለኖረችው ሰው ነው? በድራማው ሳህን ወርውራ ግንባሩን የፈነከተች ሴት ናት! ገጽ ዘጠኝ ኅዳግ ላይ በትልቁ «ይህች ሴት ሚስቱ አይደለችም» ብዬ ጽፌያለሁ። ሕጉ የእርስዎ ነው፣ እንዳይቆጡኝ።

ጎጆ የወጡ ጥንዶች አንድ ችግር አለባቸው፤ የሚመጣ ነገር የላቸውም። እኔ ደግሞ ካልፈራሁ ገጽ አልገልጥም።

እጅ የምትነሣ፣
ካይሳ


ኪዊኖ
ኖቬምበር 11

ጥንዶች፦ አይሊ እና ሬይኖ።
ማስጠንቀቂያ፦ ትንሽ ሳቅ።

ካይሳ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? መልሴ ስለዘገየ ሰላምታዬ አልቀዘቀዘም። በረዶው አሁን የምር መጥቷል፤ አጥሩ ጠፍቷል።

የዘገየሁበትን ልንገርሽ። አሁን ፖስታ የሚያመጣው ሬይኖ ነው። በቀን ሦስት ጊዜ መንገድ ዳር እስካለው ሳጥን ይሄዳል፤ እሑድም ይሄዳል። ያንቺን ፖስታ እዚያው በረዶ ውስጥ ቆሞ ከፈተው። ቆሞ አነበበ። ገባና ገጽ ዘጠኝን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋልኝ።

«አየሽ» አለኝ። «የሚያውቅ ሰው ጽፎታል።»

ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ወረቀቱ አሁን የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ነው። ሸሚዙን ላጥብ ስል አውጥቶ ወደሚቀይረው ሸሚዝ ያዛውረዋል። ይህን የምነግርሽ እንድትስቂ ነው።

ሐሙስ የአጋዘን አደን ይከፈታል። ሬይኖ ጠመንጃውን እየወለወለ ነው። ዛሬ ብቻ ሦስት ጊዜ ወልውሎታል፤ ዘይቱ ሊያልቅ ነው።

ሁለት ነገር ልለምንሽ። ከእንግዲህ በእርሳስ አርሚ፣ አረንጓዴው ይቅር። ስልክም አትደውዪ፤ ቤቱ ውስጥ በጣም ይጮኻል።

ምዕራፍ አምስት ከዚህ ጋር አለ። ብራን ኢዛትን «ባለቤቴን አይተዋታል?» ይላታል። «ለእራት ትመጣለች» ትለዋለች። ደስ ብሎት ይቀመጣል። አብረው ሾርባ ይጠጣሉ። ቀለል ያለ፣ ሆድ የሚያሞቅ ምዕራፍ ነው። ራስጌው ላይ እንደዚያ ብለሽ ለጥፊው።

አይሊ


ተንደር ቤይ
ኖቬምበር 25

ጥንዶች፦ አላውቅም።
ማስጠንቀቂያ፦ አንድ ጥያቄ አለ።

ለአክስት አይሊ፣

ሰላምና ጤና ለቤትዎ። ለሁለታችሁም። ይህን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰርዣለሁ።

ምዕራፍ አምስትን አልለጠፍኩትም። ይልቅ አምስቱንም ምዕራፎች ወለል ላይ ዘረጋኋቸው፣ እንደምናደርገው፤ ጠባሳው በየትኛው እጅ እንደነበር፣ ማን ምን መቼ እንዳወቀ ለመፈተሽ። ምዕራፍ አንድ፦ ብራን ቁልፉን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጣል። ምዕራፍ ሁለት፦ በገዛ ጣቢያው መተላለፊያ ጠፍቶ ሰው ይዞት ይመለሳል። ሦስት፣ ቦት ጫማው። አራት፣ የጣቢያው ቁጥር። አምስት፣ ባለቤቴን አይተዋታል።

አራት ወር ሙሉ ብራን ራሱን አይመስልም እያልኩ አረምኩ። ራሱን ያልመሰለው ብራን አይደለም።

አይደወል ብለውኝ ደወልኩ።

«ሃሎ፣ አጎት ሬይኖ፣ ካይሳ ነኝ፣ ከካናዳ። አክስት አይሊ አሉ?»

«ወጥታለች።»

«ወዴት?»

«እሱን ነው እኔም የማጣራው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ ያለችው ሌላ ናት። ሙያ አላት፣ አላማትም፤ ታበስላለች። ግን አይሊ አይደለችም። ወረቀት አለኝ።»

ከኋላ ሳህን ሲጋጭ ይሰማኝ ነበር። እርስዎ ነበሩ።

ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ አጎት ሬይኖ ታመዋል? ከሆነ ጠመንጃው ከቤት ይውጣ። ዛሬ። በረዶ የሚጠርግላችሁ ጎረቤት፣ ዌስ፣ ይውሰደው። ሌላውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን።

ካይሳ


ኪዊኖ
ዲሴምበር 9

ጥንዶች፦ አይሊ እና ሬይኖ።
ማስጠንቀቂያ፦ ላለማስጠንቀቅ መርጫለሁ። ድረ ገጹ ላይ እንዲህ የሚል ምርጫ አለ አይደል?

ካይሳ፣

ተቆጣሁሽ። ሁለት ቀን ካደርኩ በኋላ አልተቆጣሁሽም።

የበሽታውን ስም አልጽፈውም። ሐኪሙ ጁን ላይ ጽፎታል፤ አንድ ሰው ከጻፈው ይበቃል።

አንዳንድ ቀን እስከ ምሳ ያውቀኛል። «አይሊ፣ ይሄ ሾርባ ጨው የት አለው?» ይላል። ምን ያህል ደስ እንደሚለኝ አታውቂም። ጨው እያወቅሁ መተው ጀምሬያለሁ።

ሌላ ቀን አያውቀኝም። «ማን ነዎት?» ሲለኝ «ለማገዝ የምመጣ ነኝ» አልኩት። እፎይ አለ። ለረዳት ትሑት ነው፤ ለሚስቱ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። ከዚያ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ያሳየኛል። አነብለታለሁ። በየቀኑ፣ ያንቺን እጅ ጽሕፈት፣ ጮክ ብዬ።

ከእኔ የሰማሽውን ሁሉ ልብ በይ፤ ብራንና ኢዛት ተዋወቁ ብዬ አንድ ገጽ ጽፌ አላውቅም። የሚተዋወቁ ሰዎች ያስፈሩኛል። ምንም ነገር ሊናገሩ ይችላሉ።

ስለ ጠመንጃው። ግድግዳው ላይ ነው፤ ካጣው ይረበሻል። ጥይቶቹን ግን የዱቄት ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከታች፣ ቀብሬያቸዋለሁ። ባዶ ጠመንጃ ምርኩዝ ነው። ይፈልጋቸዋል፤ መሳቢያ በመሳቢያ፣ ሳያመሰቃቅል፣ እየዘጋ።

ለማንም አትንገሪ። ከካውንቲው አስተዳደር ሰው ከመጣ ይወስዱታል። እዚያ ከወሰዱት የሚያየው ሰው ሁሉ እንግዳ ነው። እዚህ እንግዳዋ እኔ ብቻ ነኝ።

አይሊ


ተንደር ቤይ
ዲሴምበር 17

ጥንዶች፦ አይሊ እና ሬይኖ። በግድ።
ማስጠንቀቂያ፦ ልክ እንደሆንኩ አላውቅም።

ለአክስት አይሊ፣

ገናችሁ በሰላም ይምጣ። ከዚህ ጋር ሌላ ወረቀት አለ፤ ለአጎት ሬይኖ ነው። በአረንጓዴ የጻፍኩት አውቄ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ለአቶ ሬይኖ። ገጽ ዘጠኝ ላይ የጻፍኩት ስሕተት ነው። ቤትዎ ያለችው ሴት ባለቤትዎ አይሊ ናት። አጣርቻለሁ። አራሚዋ።»

የሚያምኑት አረንጓዴውን ከሆነ፣ ያበላሸውን አረንጓዴው ይመልሰው። ሌላ የማውቀው መንገድ የለም። ስሕተት አግኝቶ ማረም፤ ይህችው ናት ሙያዬ።

ከዘመን መለወጫ በኋላ ዝም ካሉኝ ለዌስ እደውላለሁ። ቢጠሉኝም።

ካይሳ


ኪዊኖ
ጃንዋሪ 6

ጥንዶች፦ አንዲት ሴት እና አንድ ሰው። አይተዋወቁም።
ማስጠንቀቂያ፦

ካይሳ ልጄ፣

ጓሮ ካለችው ከሳውናችን፣ ከእንፋሎት መታጠቢያዋ ጎጆ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። አትደንግጪ፤ እንጨቱ ደረቅ ነው፣ ይሞቃል፤ የሬይኖ አባት ያለ አንድ ሚስማር የሠራው ነው።

ወረቀትሽ በገና ዋዜማ ደረሰ። ሬይኖ ሁለቱን ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ረጅም ጊዜ አስተያየ።

«ያው እጅ ነው» አለ።

«ያው ነው» አልኩት። ተስፋ አደረግሁ፣ ካይሳ። እጄን ትከሻው ላይ አደረግሁ።

«እንግዲያው አስፈራርተዋታል። ምስኪኗን ልጅ አስፈራርተው ነው ይህን ያስጻፏት።» ቀና ብሎ አየኝ። ከእጄ ሥር ትከሻው ሲሸሽ ተሰማኝ። «ማነው የላከዎት?»

አርባ አራት ዓመት እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። ማንም ማንንም እንደዚያ ማየት የለበትም።

በማግስቱ እንጨት ላመጣ ወጣሁ። በሩን ቆለፈው። በመስታወቱ በኩል፣ በትሕትና፣ «እሜቴ፣ ባለቤቴ ስትመለስ እዚህ ብታገኝዎት ደስ አይላትም» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ነኝ። ሳውናው ምድጃ ላይ አበስላለሁ፣ ሳህኑን በረንዳ ላይ አስቀምጣለሁ፣ በሩን መትቼ እመለሳለሁ። ወጥቶ ይወስዳል። ሳህኑን አጥቦ ይመልሰዋል። አጥቦ! ዌስ ጭሱን አይቶ ጠየቀኝ፤ ወገቤን አመመኝ፣ ሙቀት ታዞልኝ ነው አልኩት።

አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል። ጥይቶቹ ያሉበት የዱቄት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው፣ እኔ ውጭ ነኝ። ትናንት በመስኮት አየሁት። ኒሱ፣ በሄል የሚጋገረው ጣፋጭ ዳቦ፣ አምሮት መሰለኝ፤ ሄሉን አግኝቶ ጠረጴዛው ላይ አድርጎታል። ዱቄቱን እየፈለገ ነበር።

አሁን የምለምንሽን ስሚ። እርማት አልፈልግም። ለዌስም አትደውዪ። ዳር ዳር የሚለውን ጻፊልኝ። የማላውቀው እሱን ነው፤ እኔ መሐሉን ብቻ ነው የኖርኩት። አንዲት ሴት አንድ ሰው ወዳለበት ቤት ትመጣለች። አያውቃትም። ስንት ቀን በረንዳ ላይ ትቆማለች? ስሟን በስንተኛው ምዕራፍ ትነግረዋለች? ወንበር ሲሰጣት ወዲያው ትቀመጣለች ወይስ ትግደረደራለች? ቶሎ እንዳታስነኪያት። እኔ ቸኩዬ ነው ያበላሸሁት፣ ትከሻው ላይ።

አንቺ ታውቂበታለሽ። ሁሉንም ጻፊልኝ። ቀስ ይበል።

አይሊ


ተንደር ቤይ
ጃንዋሪ 16

ጥንዶች፦ ካይሳ እና መንገዱ።
ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ደብዳቤ ከእኔ በኋላ ይደርሳል።

ለአክስት አይሊ፣

ይማሩኝ፤ ለዌስ ደወልኩ። የሳውናው ጭስ ከሰኞ ጀምሮ የለም አለኝ። የቤቱ ጭስ ግን አለ። ሄዶ በሩን መታ። አጎት ሬይኖ ሳይከፍቱ «ደህና ነኝ፣ ባለቤቴ ወጥታለች» አሉት። «ስንት ሰው ነው እዚያ ያለው?» ብለውም ጠየቁት። «ብቻዬን ነኝ» ሲላቸው «እሷ ልካህ ነው?» አሉት። ዌስ ተመለሰ። ሰባ ዓመት የሚያውቃቸው ሰው ነው።

ለካውንቲው ደወልኩ። አንዲት ሴት በደንብ አዳመጠችኝ፤ በዚህ ማዕበል ሰው የሚልኩት ማክሰኞ ነው። መንገዱ እስከ ዓርብ ዝግ ነው። ቅዳሜ ሳይነጋ እነሣለሁ፤ ሐይቁን በዱሉት በኩል ዞሬ ከሰዓት በኋላ እዚያ ነኝ።

የለመኑኝን ሞከርኩ። ሦስት ቀን። የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው፤ «አንዲት ሴት መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ በበረዶው ውስጥ ወደ ቤቱ ትሄዳለች።» ከዚያ አልሄድ አለኝ። አሁን የገባኝን ልንገርዎት። ዳር ዳር የሚለውን ታሪክ የምንታገሠው ራስጌው ላይ የሁለቱ ስም አንድ ላይ ተጽፎ ስለምናይ ነው። እንደሚገናኙ አስቀድሞ ተነግሮናል። መጓጓታችን ውሸት ነው። ስማቸው ባይጻፍ አንድ ምዕራፍ አንችልም ነበር።

የት ነው ያሉት፣ አክስቴ? ከጭሱ በየትኛው በኩል ነዎት?

መጣሁ።
ካይሳ


ኪዊኖ
ጃንዋሪ 19፣ ቅዳሜ ጠዋት

ጥንዶች፦ ሬይኖ እና ኢንጋ።
ማስጠንቀቂያ፦ የለም።

ካይሳ ልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ ሙቀት ይስጥሽ። ምዕራፎችሽ አልደረሱኝም፤ መንገዱ ዝግ ነበር። ስለዚህ ራሴ ጀመርኩት፤ የጎደለውን አንቺ ትሞዪዋለሽ።

ሁለት ቀን ሳህኑን አስቀምጬ አልሸሸሁም፤ ከበረንዳው ደረጃ ሥር ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን በሩን ከፍቶ ከእጄ ተቀበለኝ። በአራተኛው ስሜን ጠየቀኝ። ፀጉሬን በሻሽ ጠቅልዬው ነበር፤ የዌስን አሮጌ ካፖርት ለብሼ ነበር። ኢንጋ አልኩት፤ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። «ኢንጋ» አለ፣ ቀስ ብሎ። ሰኞ «ብርድ ላይ ምን ያቆምዎታል፣ ይግቡ እንጂ» አለኝ። ተግደረደርኩ። ደግሞ አለኝ። ገባሁ።

ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። በስድሳ ስምንት ዓመቴ! ለካ ይህን ነው የምትወዱት።

ወንበር ሳበልኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፣ ዋሸሁት፤ እሱም ስለ ሚስቱ አወራኝ። ሳህን ስታጥብ እንደምታፏጭ። እንደምታፏጭ አላውቅም ነበር፣ ካይሳ።

ረቡዕ ኒሱ አብረን ጋገርን። ቆርቆሮውን የከፈተው እሱ ነው። እጁ ታች ሲደርስ ቆመ። ጥይቶቹን አንድ በአንድ አወጣቸው፣ በፎጣ ጠረጋቸው፣ ጠመንጃውን ከግድግዳው አወረደ። ልከለክለው እችል ነበር? እንግዳ ነኝ። እንግዳ የሰው ቤት ዕቃ አይነካም። ደግሞም ለእኔ አይደለም። ለእኔ አለመሆኑን ራሱ ነገረኝ፤ ወንበሩን አስጠግቶ፣ እንደ ወዳጅ።

አንዲት ሴት እዚህ ቤት ገብታ ነበር አለኝ። የሚስቱን ሹራብ የለበሰች፣ በሚስቱ ስም የምትጠራ። አዋቂ ሰው በጽሑፍ አስጠንቅቆታል፤ እሷም ደርሳበት የጻፈውን ሰው አስፈራርታለች። አሁን ሸሽታለች። ግን እንዲህ ያለች ሴት አትቀርም። ሰው ልካ አስጠይቃለች። ትመጣለች።

«ስትመጣ አንቺ ታውቂያታለሽ፣ ኢንጋ?»

«አውቃታለሁ» አልኩት።

«እንግዲያው መስኮቱ ጋ ሁኚልኝ። የኔ ዓይን ከሩቅ አይለይም።»

እዚያ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። እሱ በሩን ፊት ለፊት ይዞ ተቀምጧል፤ ትከሻው ዘና ብሏል፤ ከጁን ወዲህ እንዲህ ተረጋግቶ አላየሁትም። ዛሬ ጠዋት መንገዱ ተጠርጓል፤ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ድረስ ወለል ብሎ ይታየኛል። ፖስተኛው ሲመጣ ሮጬ ይህን እሰጠዋለሁ።

«ሴት ከሆነች ብቻ ንገሪኝ» አለኝ አሁን።

እሺ አልኩት።

አይሊ